የ«ማዶካ ማጊካ» 10ኛ ክፍል፦ የሆሙራ አኬሚ አንድ ወር

[ምስል፦ የሆስፒታል ክፍል። መነጽር ያደረገችና ጸጉሯን ሁለት ጉንጉን የተሠራች ልጅ አልጋዋ ላይ ዓይኗን ትገልጣለች።]

ይህች ልጅ ሆሙራ አኬሚ ናት። «ፑኤላ ማጊ ማዶካ ማጊካ» የተሰኘውን የጃፓን አኒሜ ዘጠኝ ክፍል ተከታትሎ እዚህ የደረሰ ተመልካች እንኳ በመጀመሪያ እይታ ላይለያት ይችላል፤ እስከዚህ ድረስ የሚያውቃት ሆሙራ ጸጉሯን የለቀቀች፣ ንግግሯ የቀዘቀዘ፣ ከማንም ጋር የማትቀራረብ፣ የዋናዋን ገጸ ባሕርይ የማዶካ ካናሜን መንገድ በየአጋጣሚው የምትዘጋ ተዋጊ ናትና። 10ኛው ክፍል የመጀመሪያዋን ልጅ ሁለተኛዋ ያደረጋት ምን እንደሆነ ይተርካል። ተከታታዩን ገና ያላያችሁ ካላችሁ፣ ቪዲዮውን እዚህ አቁማችሁ አይታችሁት እንድትመለሱ ከልብ እለምናችኋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምሸሽገው ነገር የለም።

ተከታታዩ በሻፍት ስቱዲዮ ተሠርቶ፣ በአኪዩኪ ሺንቦ አዘጋጅነትና በጌን ኡሮቡቺ ድርሰት፣ ከጃንዋሪ 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓን ቴሌቪዥን የታየ ባለ 12 ክፍል ሥራ ነው። ሕጉ ጨካኝ ነው። ኪዩቤይ የተባለ ነጭ ፍጡር ለአንዲት ልጃገረድ የፈለገችውን አንድ ምኞት ይፈጽምላታል፤ በምላሹም ነፍሷ ከሥጋዋ ወጥታ ዕንቁ ትሆናለች፣ እርሷም ጠንቋዮችን ስትዋጋ ትኖራለች። ዕንቁው በተስፋ መቁረጥ ሙሉ በሙሉ ሲጠቁር ግን ልጅቷ ራሷ ጠንቋይ ትሆናለች።

[ምስል፦ የትምህርት ቤት ኮሪደር። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ሲሄዱ።]

ክፍሉ የሚጀምረው ሆሙራ ጊዜን እየመለሰች ደጋግማ ከምትኖረው አንድ ወር በመጀመሪያው ዙር ነው። ሆሙራ በልብ ሕመም ተኝታ ከቆየችበት ሆስፒታል ወጥታ ሚታኪሃራ በተባለች ከተማ አዲስ ትምህርት ቤት ትገባለች። ሰሌዳ ላይ የተሰጣትን የሒሳብ ጥያቄ መሥራት ያቅታታል፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜም ገና ሰውነት ሲያፍታቱ ያዞራታል። ወደ ትምህርት ቤቱ የሕክምና ክፍል እየመራች የምትወስዳት ማዶካ ናት። በመንገድ ላይ ማዶካ «ነበልባል» የሚል ትርጉም ያለውን ስሟን ታደንቅላታለች፤ ሆሙራ ግን ስሙ ለእኔ አይመጥንም ብላ ትሸማቀቃለች።

አሁን 1ኛውን ክፍል አስታውሱ። በዚያም ሁለቱ ልጆች ወደ ሕክምና ክፍሉ በኮሪደር ይሄዳሉ፤ ነገር ግን ከፊት የምትሄደው ትናንት የመጣች የምትመስለው ሆሙራ ስትሆን፣ ማዶካ መንገዱን እንዴት እንዳወቀችው እየተገረመች ከኋላ ትከተላታለች። የሒሳቡን ጥያቄ ሳታመነታ ትሠራዋለች፤ በከፍታ ዝላይም ማንም ያልጠበቀውን ውጤት ታስመዘግባለች። ያን ጊዜ ትዕቢት የመሰለን ሁሉ ያንኑ ወር ደጋግሞ የኖረ ሰው ልምድ ነበር። በእኔ አስተያየት የዚህ ክፍል ትልቁ ጥበብ ይህ ነው፤ አዲስ ምሥጢር ከመንገር ይልቅ ቀድሞ ዓይናችን ያየውን ዳግመኛ እንድናይ ያደርገናል።

በመጀመሪያው ዙር ማዶካ ቫልፑርጊስናኽት ከተባለችው ታላቅ ጠንቋይ ጋር ተዋግታ ትሞታለች። ሆሙራም በሬሳዋ አጠገብ ተንበርክካ ከኪዩቤይ ጋር ውል ትገባለች። የምትመኘው የማዶካን መነሣት ሳይሆን፣ ከማዶካ ጋር የተገናኘችበትን ጊዜ እንደገና መጀመርንና በዚያ ጊዜ ተጠባቂ መሆኗ ቀርቶ ጠባቂ መሆንን ነው።

ምኞቷ የሰጣት ኃይል ጊዜን የሚያቆምና ወደ ኋላ የሚመልስ ጋሻ ብቻ ነው፤ የሚወጋ ወይም የሚተኮስ ነገር አልተሰጣትም። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር በጎልፍ ዘንግ በርሜል እየደበደበች ትለማመዳለች፣ ከዚያም ቤቷ ተቀምጣ በገዛ እጇ ቦምብ ትሠራለች። በሦስተኛው ዙር ጓደኛቸው ሳያካ ሚኪ በፍንዳታው እንዳትመታ ስለምትሰጋ ከእርሷ ጋር መዋጋቱን ትጠላዋለች፤ ሆሙራም እውነተኛ ጠመንጃና ሽጉጥ ወደ መስረቅ ትሄዳለች። በቀደሙት ክፍሎች ያደነቅነው የውጊያ ስልት፣ በቆመ ጊዜ ውስጥ ጥይት እየተኮሱ መሄድ፣ የደካማነቷ መፍትሔ ነበር።

[ምስል፦ ዝናብ። ሁለት ልጆች በፍርስራሽ ውስጥ በጀርባቸው ተኝተዋል።]

የሦስተኛው ዙር መጨረሻ ቀስ ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። ሳያካ ጠንቋይ ሆናለች። እንደ እነርሱ ውል የገባችው ማሚ ቶሞኤ፣ ተዋጊዎቹ ራሳቸው ጠንቋይ እንደሚሆኑ ስታውቅ አእምሮዋ ተናግቶ ሌላዋን ተዋጊ ኪዮኮ ሳኩራን ገድላለች፣ ሆሙራንም ልትገድል ስትል ማዶካ እያለቀሰች ማሚን ተኩሳባታለች። የቀሩት ሁለቱ ቫልፑርጊስናኽትን ተጋፍጠው፣ ዕንቁዎቻቸው ሊጠቁሩ ሲል ጎን ለጎን ወድቀዋል። ማዶካ ለክፉ ቀን የያዘችውን አንድ የሐዘን ዘር፣ ማለትም ዕንቁን ከጥቁረት የሚያነጻውን ነገር፣ ለራሷ መጠቀም ስትችል ለሆሙራ ታውለዋለች። ከዚያም ሁለት ነገር ትለምናታለች። የመጀመሪያው ወደ ኋላ ተመልሳ፣ በኪዩቤይ ከመታለሏ በፊት ያለችውን ሞኟን ማዶካ እንድታድናት ነው። ሁለተኛው አሁን፣ ጠንቋይ ሳትሆን፣ እንድትገድላት ነው። ሆሙራ ሁለቱንም ትቀበላለች። የሆሙራ ድምፅ የሆነችው ቺዋ ሳይቶ እዚህ ላይ የምታሰማው ጩኸት በቃላት የሚገለጽ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ስትነቃ በነፍስ ዕንቁዋ ዓይኗን ትፈውሳለች፣ መነጽሯን ታወልቃለች፣ ጉንጉኗን ትፈታለች። ከእንግዲህ በማንም ላለመደገፍ ቆርጣለች፤ እውነቱን የነገረቻቸው ሁሉ አላመኗትምና። በአራተኛው ዙር ብቻዋን ስትዋጋ ማዶካ ከሩቅ አይታት ውል ትገባለች፣ ታላቋን ጠንቋይ በአንድ ምት ታጠፋለች፣ ወዲያውም ከእርሷ የከፋች ጠንቋይ ትሆናለች። ኪዩቤይ የሚፈልገውን ኃይል እንዳገኘ ተናግሮ የዓለምን መጥፋት እንደ ተራ ነገር ሲያወራ፣ ሆሙራ ጀርባዋን ሰጥታው ጋሻዋን ታዞራለች። 1ኛውን ክፍል የከፈተው የማዶካ ሕልምም ይኸው ውጊያ ነበር።

ይህ ክፍል በጃፓን ካንሳይ አካባቢ የታየው በማርች 10 ሌሊት ሲሆን፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ታላቁ የምሥራቅ ጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። የቀሩት ሁለት ክፍሎች ሥርጭት እስከ ኤፕሪል 21 ሌሊት ዘገየ። ሆሙራን እዚህ ላይ የተዉ ተመልካቾች ፍጻሜዋን ለማየት ስድስት ሳምንት ጠበቁ።

[ምስል፦ የመክፈቻው ሙዚቃ ይጀምራል።]

በዚህ ክፍል መጀመሪያ ላይ የተለመደው የመክፈቻ መዝሙር አይሰማም። ክላሪስ የሚዘፍኑት «ኮኔክት» የተባለው ይህ መዝሙር የሚመጣው በመጨረሻ፣ ሆሙራ ለማዶካ ስትል ማለቂያ በሌለው ጥልፍልፍ መንገድ ውስጥ ለመታሰር እንደምትፈቅድ ከተናገረች በኋላ ነው። ስለ ተገባና ስላልተረሳ ቃል ኪዳን የሚናገሩትን ግጥሞች እስካሁን የምንሰማቸው ማዶካ እንደምትዘምራቸው አድርገን ነበር።