ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በርሜሎቻችንን እንይ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የጋራዥ ባለቤቶች፣ መካኒኮች፣ ባትሪ ሠሪዎችና ጎሚስታዎች፤ ከወልድያ፣ ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻና ከከሚሴ ድረስ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንኳን ወደ ደሴ በሰላም መጣችሁ። ሼኮቻችን ዱአ አድርገው፣ ቄሶቻችን ጸሎት አድርሰው ጉባኤውን መርቀው ከፍተውልናል፤ አሜን ብለናል።

የሒሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዡ ያቀርቡላችኋል። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ በሙሉ ከጋራዦቻችን ጀርባ ለቆመው የተቃጠለ ዘይት በርሜል ልሰጠው ነው።

በራሴ ግቢ ከሆነው ልጀምር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ ክዳን የሌለው በርሜል ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር አቁሜ ወደ ቤቴ ገባሁ። ዘይቱ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነበርና አልሰጋሁም። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ስደርስ በርሜሉ እስከ አፉ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። እንጨት ብሰድበት ከሥር ያለው ውኃ ሆኖ አገኘሁት። ዘይት ከውኃ ይቀልላል፤ ከጣሪያ የሚወርደው ዝናብ ወደ ታች ይሰምጥና ዘይቱን ከፍ ያደርገዋል። በርሜሉ ሲሞላ ቀድሞ የሚፈሰው እንግዲህ ዘይቱ ነው። ክፍት በርሜል ዝናብ ላይ ማቆም ዘይቱን በገዛ እጅ ቦይ ውስጥ ከመድፋት አይለይም። በዚህ ሥራ ስኖር ይህን የተረዳሁት ያን ዕለት ነበር።

ጥቁሩ መስመር በግቢው በር ሥር አልፎ የጎረቤታችንን የጎመን መደብ አቋርጦ ነበር። ከእኔ ጋር ክፉ ተነጋግረው የማያውቁ እናት ናቸው። አንድ ቅጠል በእጃቸው ይዘው መጡና «ልጄ፣ ይህን ጎመን ልቀቅለው ወይስ ልንቀለው?» አሉኝ። ቅጠሉ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ያብረቀርቃል። መልስ አልነበረኝም። ጎመኑን አብረን ነቀልነው፤ አፈሩንም ቆፍሬ አወጣሁ።

አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር የሚደርስ ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል። ከአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል በአንድ ቅያሪ 4 ወይም 5 ሊትር እናወጣለን፤ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ከሚመላለሰው ከባድ መኪና ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ። ሞተር ውስጥ ሲሠራ የቆየ ዘይት አዲስ ሆኖ ከጣሳው እንደወጣው አይደለም። ከብረት ፍትጊያ የሚመጣ ብናኝና ካንሰር የሚያስከትሉ የቃጠሎ ቅሪቶችን ተሸክሟል። ከደሴ የሚፈሰውን የቦርከና ወንዝ ይቀበለዋል። ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ጨፋ ረግረግ ላይ ይንጣለላል፤ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩት እዚያው ነው። ከዚያም አዋሽ ይገባል። እኛ ከላይ ስንደፋ ከታች የሚጠጣ አለ።

ሕጉም ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አደገኛ ቆሻሻን ያለ ፈቃድ ማመንጨት፣ ማከማቸት፣ ማጓጓዝና ማስወገድ ይከለክላል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090 ወጥቷል። ተቆጣጣሪ እስኪመጣ የምንጠብቅ ከሆነ ግን አዋጁ ገና አልገባንም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በርሜሉ ጣሪያ ሥር ይሁን፤ ክዳን ይኑረው፤ ዘይት ካልተጨመረበት በቀር ክዳኑ አይነሣ። ላዩ ላይ «የተቃጠለ ዘይት» ተብሎ በቀለም ይጻፍ፣ መሙላት የጀመረበት ቀንም ይጻፍ። ከባዶ መሬት ተነሥቶ በሲሚንቶ በተለሰነ መደብ ላይ ይቀመጥ፤ በርሜል የሚበሳው ከታች፣ እርጥብ አፈር የነካው ዙሪያ ዝጎ ነውና። ዙሪያውን ግንብ ይከበብ፤ በርሜሉ ድንገት ቢቀደድ ግንቡ ሁሉንም ይዞ ትርፍ ቦታ ሊኖረው ይገባል። በዓለም የተለመደው ልኬት የትልቁን ማጠራቀሚያ 110 በመቶ ነው። ለአንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 35 ሳንቲሜትር የሚደርስ ግንብ ይበቃል። ጥቂት ብሎኬትና አንድ ቀን ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የበርሜሉን ሥር በእጁ ይዳስስ።

ከሁሉ አብልጬ የምለምናችሁ አትቀላቅሉ ብዬ ነው። ዕቃ ያጠብንበትን ቤንዚን፣ ቲነር፣ የፍሬን ዘይት እዚያው በርሜል ውስጥ መገልበጥ ለምዶብናል። ንጹሕ የተቃጠለ ዘይት ተጣርቶ እንደገና ዘይት ሊሆን ይችላል፤ በሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃም ይነዳል። ቤንዚን የገባበት ግን እሳት የሚጠራ፣ ማንም የማይረከበው መርዝ ይሆናል። ለአጥር እንጨት፣ ለምስጥ መከላከያ እያሉ በጄሪካን የሚወስዱትንም «የለም» እንበላቸው። ማስከፋቱን አውቃለሁ፤ እኔም ለዓመታት ሰጥቻለሁ። እንጨቱ አፈር ውስጥ ነው የሚተከለው፤ አፈሩም ውኃውም የሁላችንም ነው።

ስለ ባትሪ አንድ ነገር ብቻ። ልጆቻችን ያለ ጓንት አሮጌ ባትሪ ሲፈልጡ፣ አሲዱንም መሬት ላይ ሲደፉ አያለሁ። ባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ የሚባለው ብረት በልብስ ላይ ተጣብቆ ቤት ይገባል፤ ሕፃን የሚታቀፈው ደግሞ ያን ልብስ ነው። እርሳስ ለልጅ አእምሮ የሚያስፈራ መርዝ ነው፤ ጉዳት የማያደርስ መጠን አልተገኘለትም። ባትሪ አይፈለጥ፤ እንደቆመ፣ በፕላስቲክ ትሪ ላይ፣ ከዝናብ ተጠብቆ ይቀመጥ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በፊታችሁ ላይ ይታየኛል። በ2014ቱ ጦርነት ክሪኩንም ቁልፉንም አጥተን ከባዶ የተነሣን ሰዎች አለን፤ ለእነዚያ ወንድሞች «ነገ ግንብ ሥሩ» ብሎ መሄድ አይሆንልኝም። ስለዚህ የሥራ አመራሩ ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከዘንድሮው ቁጠባ ተነሥቶ በየከተማው አንድ የጋራ ማጠራቀሚያ፣ ጣሪያና ግንብ ያለው፣ ይሠራ። ትናንሾቹ ጋራዦች በክዳን ጄሪካን እያመጡ ያስረክቡ፤ የገባውም የወጣውም ሊትር በመዝገብ ይያዝ፤ የፈቃዱን ጉዳይ ማኅበሩ በአባላቱ ስም ይጨርስ። ዘይቱ በአንድ ቦታ በብዛት ሲጠራቀም ፈቃድ ያለው ተረካቢ ለመነጋገርም ይቀለናል። አቅም ያለን ግን የየራሳችንን ግንብ ከሰኔ 30 በፊት እንጨርስ።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ በግቢው በስተቀኝ፣ ትናንት ከሁለት ወጣት መካኒኮች ጋር አንድ ናሙና ሠርተናል። በርሜሉ ውስጥ ውኃ ብቻ ነው ያለው። በሻይ ሰዓት ወጥታችሁ እዩት፤ ቡሽውን ነቅለን ሲፈስ ግንቡ ይይዘው እንደሆነ በዐይናችሁ ትመለከታላችሁ። ከዚያ ተመልሰን በሐሳቡ ላይ እንወያይና ድምፅ እንሰጣለን። ጉባኤው ተከፍቷል።