ታዲያ ብቻውን ነው?

እሺ፣ እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። የጎረቤታችን ዶሮም ድምፁን ሞክሯል። ስለዚህ ፖድካስታችንን በይፋ ጀምረናል።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ላወራ ነበር። ቴሌግራም ላይ ቃል ገብቻለሁ፣ አውቃለሁ። ይቆየን። የአክስቴ ነገር ከራሴ አልወጣ አለኝ።

አዎ፣ ደግሞ ስለ «ኦኬ ኮምፒውተር» ነው፣ ሬዲዮሄድ ስለሚባሉት የእንግሊዝ ሮክ ባንድ አልበም። «ጀመረው» የምትሉ ዝለሉት፣ አልቀየምም። «ሬዲዮሄድ ሌላ አልበም አልሠሩም ወይ?» ብሎ የጻፈልኝ ልጅ፣ ሠርተዋል ወንድሜ። ብዙ ሠርተዋል። ግን ኢንተርኔት ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ሜሞሪዬ ላይ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። ሰው ሌላ ምርጫ ሲያጣ የያዘውን ነገር... አይ፣ እንደዚያም አይደለም። ከዚያ በፊትም እወደው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የወጣው፣ በእኛ 1989 መሆኑ ነው። 12 ዘፈን ነው፣ 53 ደቂቃ አካባቢ። ከማርቆስ ተነስታችሁ ደጀን ሳትደርሱ ያልቃል። እኔ ታዲያ ደጀን ላይ እንደገና ከአንድ እጀምረዋለሁ። ለምን በሉኝ። የመጀመሪያው ዘፈን ከመኪና አደጋ በኤርባግ ስለተረፈ ሰው ነው። ተርፎ፣ እንደ አዲስ ተወልጄያለሁ የሚል ሰው። ይሄ ለዓባይ በረሃ ካልሆነ ለየት ሊሆን ነው? የእኛ ሚኒባስ ኤርባግ የለውም። መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጊታሩ ይገባል፣ ከኋላዬ ያሉት እናቶች «በስመ አብ» ይላሉ፣ ረዳቱ ሂሳብ ይሰበስባል። ከዚያ የተሻለ ኮንሰርት አይቼ አላውቅም። ኮንሰርትም አይቼ አላውቅም ለነገሩ።

ወደ አክስቴ።

ያቺ የቢቸናዋ ናት። ታውቋታላችሁ። ስለዚህ ፖድካስት ስነግራት «ታዲያ ማን ይከፍልሃል?» ያለችኝ። ለቀጠሮ መጥታ እኛ ዘንድ አርፋ ነበር። ያልነገርኳችሁ ነገር፣ አክስቴ በአገሯ ሙሾ አውራጅ ናት። ለቅሶ ላይ እሷ ከሌለች ሰው ቅር ይለዋል። «ምነው እሷ አልመጣችም?» ይባላል።

መብራት ጠፍቷል። እሷ በባትሪ ብርሃን ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። እኔ ትንሿን ስፒከር መደቡ ላይ አድርጌ አልበሙን ከፍቻለሁ። ለእሷ ብዬ አይደለም፤ ጆሮ ማዳመጫዬ አንድ ጎኑ ሞቷል። ሦስቱ ዘፈኖች ሲያልፉ ምንም አላለችም። አንዴ ብቻ «ቀንስልኝ» አለች።

አራተኛው ላይ ደረሰ። ድምፅና ጊታር ብቻ ሆኖ የሚጀምረው። ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ስንቴ አውርቼበታለሁ። እንግሊዝ አገር ባዝ የምትባል ከተማ አጠገብ አንድ ትልቅ ያረጀ ቤት ተከራይተው ነው አብዛኛውን አልበም የቀዱት። ዘፋኙ ቶም ዮርክ የዚህን ዘፈን ድምፅ የድንጋዩ ደረጃ ላይ ቆሞ ነው የቀዳው። ያ የሚመለስ ድምፅ የማሽን አይደለም። ቤቱ ነው።

እና አክስቴ እጇን አቆመች። የሽንኩርቱ ልጣጭ አውራ ጣቷ ላይ እንደተለጠፈ፣ አላራገፈችውም። መሀል ላይ ያ የመዘምራን ድምፅ የሚመስለው መጣ።

«የት ደብር ነው?» አለችኝ።

«ደብር አይደለም እትዬ።»

«መዘምራኑስ?»

«ሰዎች አይደሉም። መሣሪያ ነው።»

ሜሎትሮን ነው የሚባለው። እንዴት እንደምነግራት አሰብኩ። ፒያኖ የሚመስል ነገር ነው፤ በየቁልፉ ሥር አንዳንድ ቁራጭ የካሴት ክር አለው። ሰዎቹ ድሮ ዘምረው ተቀድተዋል። ስትጫነው ክሩ ይዞራል፣ እነሱ ይሰማሉ። እንዲህ ብዬ ነገርኳት። ገባት። እንዲያውም ቶሎ ገባት።

«ታዲያ ብቻውን ነው?» አለች።

ዝም አልኩ።

«ተቀባይ የለውም?»

«የለውም» አልኳት። እሷም «ውይ» አለች። ይኸው ነው። «ውይ።»

ከዚያ ቤዝ ጊታሩ ገባ። ያ የተንሻፈፈው፣ የሚንኮሻኮሸው ቤዝ። «ይሄው ተበላሸብህ» ብላ ስፒከሩን ልታነሳው እጇን ዘረጋች። «አልተበላሸም እትዬ፣ እንዲህ ነው!» ብዬ እኔ ስከላከል፣ ዘፈኑ አለቀ። በእኔ ሕይወት ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ እኮ ነው፤ በክርክር አለፈ። ከዚያ «በቃ አጥፋው፣ ራሴን አመመኝ» አለች። አጠፋሁት።

ይሄ ነው ነገሩ። ሳወራው ትንሽ ነው፣ አይደል?

ግን «ውይ» ያለችበት አነጋገር አለ። ለለቅሶ ቤት ነው እንዲህ የምትለው። ሙሾ አውራጅ ታወርዳለች፣ ሰው ይቀበላታል። ካልተቀበላት ምን ልትሆን ነው? ሜዳ ላይ ቆማ ብቻዋን የምታለቅስ ሴት ትሆናለች። እኔ ይሄን አልበም ስሰማ ብቸኛ ሰው ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ወይም አስቤያለሁ፣ ግን ደስ በሚል መንገድ። እንደ ጌጥ። እሷ ግን አዘነችለት። ከልቧ አዘነችለት። በዚህ ሁሉ ዓመት እኔ አዝኜለት አላውቅም።

የዚያን ጊዜ «ተቀባዩ እኔ ነኝ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እግዜር አተረፈኝ። ምን ዓይነት ወሬ ነው? እኔ ምኑን ነው የምቀበለው? ሚኒባስ ውስጥ ግጥሙን በልቤ ነው የምለው፤ አጠገቤ ያለው ሰው እንኳ አይሰማም።

ማታ አልተኛሁም። ተነስቼ አምስተኛውን ከፈትኩት፣ በአንድ ጆሮ። እሱን ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው የቀዱት፣ በዚያው ቤት የዳንስ አዳራሽ ውስጥ። አንደኛው ጊታር ከሌሎቹ በተለየ ምት ነው የሚሄደው፤ ካልቆጠራችሁት አታውቁትም። እና መጨረሻው አካባቢ፣ ዘፋኙ እየዘፈነ፣ በላዩ ላይ የራሱ ድምፅ ይመጣል። ሌላ ዜማ ይዞ። ቶም ዮርክ ራሱን በራሱ ይቀበላል!

ስንቴ ሰምቼዋለሁ ያንን ቦታ። ሁሌም ደስ ይለኝ ነበር፤ ፀጉሬ ይቆማል። ያን ሌሊት ግን... እንዴት ልበላችሁ። ይሄ ይሻላል ወይስ ይብሳል? ሰው ተቀባይ አጥቶ ራሱ ሲቀበል? አንዴ «ጎበዝ» እላለሁ፣ አንዴ ደግሞ ልጁን ሄጄ ማቀፍ ያምረኛል። ሀብታም ሰውዬ ነው እኮ አሁን። እ.ኤ.አ. በ2019 የዚያን ጊዜ ልምምዳቸው የተቀዳበት ዲስክ ተሰርቆባቸው፣ 18 ሰዓት ገደማ የሚሆን፣ በመደበቅ ፋንታ ራሳቸው በ18 ፓውንድ ሸጠው ገንዘቡን ለአየር ንብረት ታጋዮች ሰጡት። የእኔ ማቀፍ አይጎድለውም። ግን በቃ።

አክስቴ ለቀጣዩ ቀጠሮ ትመጣለች። ላሰማት ወይስ ልተወው? አምስተኛውን ብቻ። ወይም ከአራተኛው ጀምሬ፣ ቤዙ ጋ ቀነስ አድርጌ... አይ፣ መቀነስማ ነውር ነው። ደግሞ ከአምስት ከጀመርኩ ማቆም አልችልም፣ ሰባተኛው ላይ ያ የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ድምፅ ያለ ዜማ ማንበብ ይጀምራል። «ይሄስ ማነው?» ትለኛለች። «ኮምፒውተር ነው እትዬ» እላታለሁ። ከዚያ ምን እንደምትል... እኔ እንጃ። ለእሱም ታዝንለት ይሆናል እኮ። ታዝንለታለች። አውቃታለሁ...