ደጋ ነው ብላችሁ ቢንቢን አትናቁ
(ከአደን ወቅቱ በፊት አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ በዴንቨርና በኦሮራ ላሉ አዳኞቻችን የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ! ጋሼዎቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከነድካማችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የሌሊት ሥራ ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ።

አስተባባሪዎቹ ስለ ወቅቱ ባጠቃላይ እንድናገር ነው የጠየቁኝ። እናገራለሁ። በመጀመሪያ ግን ስለ ቢንቢ። ባለፈው ዓመት አንድ ጎበዝ ልጅ አደኑን እርግፍ አድርጎ የተወው በዚህ ሰበብ ነው። ዘንድሮ ሌላ ልጅ እንዲያመልጠን አልፈልግም።

አብዛኞቻችን «ቢንቢ የቆላ ነገር ነው» እየተባለ ነው ያደግነው። ወባ ሲነሳ ትዝ የሚለን መተማ ነው፣ ጋምቤላ ነው፣ አዋሽ ነው። ስለዚህ ጁላይ ላይ 10 ሺህ ጫማ፣ በኛ 3 ሺህ ሜትር ላይ ድንኳን ተክለን ብርዱ ሲነካን «እዚህ ደግሞ ምን ቢንቢ አለ» እንላለን። አለ! ያውም እንደ ደመና የሚነሳ።

የሚያመጣው ራሱ በረዶው ነው። የተራራው ቢንቢ እንቁላሏን የምትጥለው በየሜዳው ጎድጓዳ ቦታ፣ እርጥብ አፈር ላይ ነው። እንቁላሉ የብርዱን ወራት በሙሉ በረዶ ስር ይከርማል። በረዶው ሲቀልጥ ጎድጓዳው ውኃ ይይዛል፣ የከረመውም በአንድ ሰሞን ይፈለፈላል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር በረዶው ዘግይቶ ስለሚቀልጥ፣ ላይኛው ሜዳ ላይ ቢንቢው የሚበረታው ጁላይ ገብቶ ነው። እኛስ አደኑ ሳይከፈት እንስሳው የት እንዳለ ለማየት፣ ለቅኝት የምንወጣው መቼ ነው? ያኔ!

አገር ቤትም ቢሆን ደጋነት ሁልጊዜ አያስጥልም። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. የተነሳው ወባ እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ወጥቶ፣ ወባ የማያውቀውን ሕዝብ ነው የፈጀው። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። ከፍታን ተማምኖ መተኛት ምን እንደሚያስከፍል ከኛ በላይ ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስሙን አልጠራም። ከታክሲ ሥራው ላይ ቆጥቦ ቀስት ገዛ፣ በየሳምንቱ እየሄደ ተለማመደ፣ ከብዙዎቻችን የተሻለ ተኳሽ ሆነ። ጁላይ ላይ ከሌሎች አዳኞቻችን ጋር ፍላት ቶፕስ ወደሚባለው ተራራ ለቅኝት ወጡ። ቦታውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሐይቅና ረግረግ የሞላበት። ካምፑን የተከሉት ውኃ ለመቅዳት ይቀርባል ብለው ሐይቁ ዳር ነው። ልጁ የፊት መረብ ይዞ ነበር። አውጥቶ ሊያጠልቅ ሲል አንዱ ታላቃችን «ወንድ ልጅ ፊቱን ይሸፍናል እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። ሌሎቹም ሳቁ። ልጁ ታላቅ አክባሪ ነው፣ መረቡን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ማታ ላይ ነፋሱ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልጁ ራሱ ነው የነገረኝ። የለበሰው ሱሪ ቀጭንና ጥብቅ ያለ ነበር፤ ቁጭ ሲል ጉልበቱና ጭኑ ላይ ጨርቁ ይወጠራል፣ በተወጠረው ላይ ቢንቢው ዘልቆ ይነክሰዋል። አንገቱን ሲከላከል ጆሮው፣ ጆሮውን ሲከላከል የዓይኑ ቆብ። በማግስቱ ጠዋት እኔ ስደርስ አንድ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል፣ ሌላው በቀጭኑ ነው የተከፈተው። ማዶ ሸንተረሩ ላይ የምናድናቸው ኤልኮች፣ እነዚያ ግዙፍ አጋዘኖች፣ ትልልቅ ወንዶቹ ወጥተው ቆመዋል። ሁላችንም ባይኖክላር ይዘን እናያለን፣ በጋ ሙሉ ሲጠብቃቸው የከረመው ልጅ ግን ማየት አልቻለም። ይዤው ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። ቀስቱን በሳምንቱ ሸጠው።

ይሄ ያናድደኛል። ዛሬም ያናድደኛል! አባቶቻችን የሚፎክሩት ግዳይ ጥለው ነው። በቢንቢ ተበልቶ ዝም ስላለ የፎከረ ሰው የት አገር ታያችሁ? ለቀስቱ ከሺህ ዶላር በላይ ታወጣላችሁ፣ ለጫማው ሦስት መቶ፣ የአሥር ዶላር መረብ ላይ ስትደርሱ ጀግንነት ትዝ ይላችኋል? ጀግንነታችሁን ለራሳችሁ አድርጉት። አዲስ በመጣ ልጅ ላይ ግን አትጫኑት! ዘንድሮ መረብ ባጠለቀ ሰው ላይ የሚስቅ ካለ፣ እኔ ባለሁበት ካምፕ ቦታ የለውም። በግልጽ ነው የምናገረው፣ ታላቄም ቢሆን።

እሺ፣ ምን እናድርግ? ዋናው ልብሱ ነው። ፐርሜትሪን የሚባለው ስፕሬይ ልብስ ላይ ብቻ የሚነፋ ነው፣ ቆዳ ላይ በፍጹም። አገር ቤት የምታውቁት አጎበር የሚነከርበት መድኃኒት የዚሁ ዘመድ ነው። ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ጫማ ላይ ከቤት ውጭ ትነፋላችሁ፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ ትለብሳላችሁ። ስድስት ሳምንት ወይም ስድስት እጥበት ያህል ይቆያል። ድመት ያላችሁ ተጠንቀቁ፣ እርጥቡ ለድመት መርዝ ነው። ለዓሣም መርዝ ስለሆነ ወንዝ ዳር አትንፉ። ልብሱ ራሱም ሰፋ ያለ፣ ሽመናው ጠበቅ ያለ፣ ቀለሙ ያልጠቆረ ይሁን። ጥቁር ነገር ቢንቢ ይስባል።

ለእጅና ለአንገት ደግሞ ቢንቢ የሚያባርር ቅባት አለ። ዲት እ.ኤ.አ. በ1944 ለአሜሪካ ጦር ተብሎ የተሠራ ነው፣ ይሠራል፣ ጥያቄ የለውም። ግን ፕላስቲክ ይበላል። ዲት በነካው እጅ የርቀት መለኪያውን የያዘ ሰው የጣቱን አሻራ ፕላስቲኩ ላይ ቀልጦ ያገኘዋል። መነጽር፣ የሰዓት መስታወት፣ የቀስቱ እጀታ፣ ሁሉም አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ እኔ የምመክረው ፒካሪዲን የሚባለውን ሌላ ቅባት፣ 20 በመቶውን ነው። ዕቃ አያበላሽም፣ ለሰዓታት ይቆያል።

«ኤልኩ ይሸተዋል» የምትሉ አላችሁ። ነፋሱ ወደ ኤልኩ ከነፈሰ እናንተኑ ሸቷችኋል፣ ቅባቱ የሚጨምርባችሁ ነገር የለም። ይልቅ የሚያስበረግገው እጅ ማወናጨፍ ነው። ኤልክ ሃያ እርምጃ ላይ ቆሞ ጉንጩን በጥፊ የሚመታ ሰው ካየ አበቃ።

ከመረቡ ጋር መተኮስን ደግሞ ከአሁኑ ተለማመዱ። የቀስቱን ገመድ ስባችሁ አፋችሁ ጥግ ስታደርሱት መረቡን ይዞ ይመጣል፣ ሲለቀቅም ይጎትተዋል። አገጭ ስር ሰብሰብ የሚል ጠባብ መረብ ግዙ፤ ግቢያችሁ ውስጥ እሱን አድርጋችሁ ተኩሱ።

ካምፕ ሐይቅ ዳር አይተከልም። ሸንተረር ላይ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ነው። ነፋሱ በሰዓት አሥር ማይል ከደረሰ ቢንቢ መብረር ያቅታታል። ኤልኩም እኮ ይሄን ያውቃል! በበጋው ቀትር ዝንብና ቢንቢ ሲያስጨንቀው ወደ ነፋሻው ሸንተረር ይወጣል፣ ያልቀለጠ በረዶ ካገኘም እዚያው ላይ ይተኛል። ቢንቢ ያለበትን የሚያውቅ አዳኝ ኤልኩን የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

መዥገርም አለ። የኮሎራዶ መዥገር ትኩሳት የሚባለው በሽታ የሚመጣው እኛ ከምንሄድበት ተራራ ነው። ማታ ማታ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጆሮ ጀርባ እየተያያችሁ ፈትሹ። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በክብሪት ማቃጠል የለም፣ ቫዝሊን መቀባት የለም። ወርዳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ ለሐኪሙ ተራራ እንደነበራችሁ ንገሩት። ዌስት ናይል የሚባለው ቢንቢ የሚያስተላልፈው በሽታ ደግሞ ይበልጥ የታችኛው አገር፣ የኛው የቤት ደጅ ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎራዶ ውስጥ 3 ሺህ የሚጠጋ ሰው ታሞበታል። ግቢያችሁ ውስጥ የቆመ ውኃ ድፉ።

ስለ ወቅቱ የጠየቃችሁኝ አጭር ነው። የቀስቱ አደን ሴፕቴምበር 2 ይከፈታል፣ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ፍልሰታ ተፈትቶ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል መሀል ይውላሉ፤ ከሥራ ፈቃድ ስትወስዱ አስቡበት። ጠንካራ ውርጭ እስኪወርድ ቢንቢው እንዳለ ቁጠሩት። ሥጋው ላይ ዝንብ እንዳያርፍ የሥጋ ከረጢት አትርሱ፣ ቀኑ ገና ሞቃት ነው።

ልብሳችሁን ይዛችሁ መጥታችኋል አይደል? ስፕሬዩ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ የልብስ መስቀያ ገመዱን ከአዳራሹ ጀርባ ወጥረነዋል። ጓንት አድርጉ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ ንፉ፣ ልጆቹ እስኪደርቅ አይጠጉ። መረብ የሌላችሁ እኔ ጋ ኑ፣ ለሁላችሁም የሚበቃ ገዝቻለሁ። አመሰግናለሁ።