ጥበቃው የቀደደው ወረቀት

እንደምን አደራችሁ? በዕቅድና ሪፖርት ባለሙያዎች ፊት ስለ ቁጥር ማውራት ድፍረት ነው። ስለዚህ ያልተቆጠረውን ሰው ላውራ።

መታወቂያ ላሳድስ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙ ይቅር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ደርሼ እንኳ 64ኛ ነበርኩ። ወረፋውን የጻፈው ቀድሞን የመጣ ልጅ ነው፣ ከደብተሩ ገንጥሎ። አንዲት ከዘራ የያዙ እናት 71ኛ ሆነው አጠገቤ ተቀመጡ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጥበቃው ብቅ አለና «ዛሬ 40 ሰው ብቻ!» አለ። አጉረመረምን፤ ተበተንን። ወረቀቱን ቀዶ ቱቦ ውስጥ ጣለው።

የዕለቱን ሪፖርት አላየሁም። ግን እናንተ ታውቁታላችሁ፦ «40 ባለጉዳይ ተስተናግዷል።» ከሁሉ የተሻለው መረጃ ቱቦ ውስጥ ነበር።

ጤናው ዘርፍ በዚህ ይበልጠናል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዎች ጤና ጣቢያ በር ላይ አይቆሙም፤ ቤት ያንኳኳሉ። መውለድ ማራራቅ ወይም ማቆም ፈልጋ መከላከያ የማትጠቀም ሴት «ያልተሟላ ፍላጎት» ውስጥ ትገባለች። በ1992 ዓ.ም. ከ100 ያገቡ ሴቶች ከ35 በላይ እንዲህ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 22 ሆኑ። ጤና ጣቢያ ረግጣ የማታውቀውም እዚህ ውስጥ አለች።

ኮንዶሚኒየምን እዩት ደግሞ። አዲስ አበባ ላይ በ1997 ዓ.ም. 450 ሺህ ገደማ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ከ900 ሺህ በላይ። ይሄንን «የቤት ፍላጎት» እንለዋለን። እኔ አይዋጥልኝም። በየወሩ መቆጠብ ያቃተው የቀን ሠራተኛ የት ተጻፈ? ቤት እያለው የተመዘገበስ አይጠፋም፤ እንተዋወቃለን።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። ጥበቃው ጋ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ለምን መጣ? ለምን ተመለሰ? ስም አያስፈልግም። በዓመት አንዴ ደግሞ ቢሮ ዝር ብሎ የማያውቀውን ሰፈር አንኳኩ፤ ደብተሩ እነሱን አያገኛቸውም።

አደራ ግን፣ ደብተሩን ለግምገማ መቅጫ እንዳታደርጉት። ያደረጋችሁት ቀን ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቢሮው ስለተሻሻለ እንዳይመስላችሁ፤ ጥበቃው መጻፍ ስላቆመ ነው።

እኔ በ3ኛው ቀን ተሳካልኝ። 71ኛዋን እናት በሁለቱም ቀን ዞር ዞር ብዬ ፈለግኳቸው። አልመጡም።

አመሰግናለሁ።