እርሳሱ ከልጁ እጅ ሳይወጣ፦ የበይነ መረብ ምንጮችና የልጆቻችን የቤት ሥራ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ የተከበራችሁ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አባላት፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ገበያው፣ ሰርጉና ለቅሶው ሁሉ በሚጠራበት ቅዳሜ ጠዋት ስለ ልጆች የቤት ሥራ ለመስማት በመምጣታችሁ አመሰግናችኋለሁ። አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁኝ አራተኛና አምስተኛ ክፍልን ሒሳብ አስተምራለሁ። ኅብረቱ ዛሬ እንድናገር የጋበዘኝ፣ ደብተር ልታስፈርሙ በመጣችሁ ቁጥር «ስልኩ ላይ ምን ልጫንለት?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ብዙዎቻችን ሳናስበው የቴሌግራም መምህራን ሆንን። እኛ ጥያቄውን ፎቶ አንስተን ስንልክ፣ እናንተም የተሠራውን ደብተር ፎቶ አንስታችሁ ትመልሱልን ነበር። ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ስልኩ ግን ከቤት ሥራው አጠገብ እንደተቀመጠ ቀረ።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ ያስረከበኝ የክፍልፋይ የቤት ሥራ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ደስ ብሎኝ ወደ ሰሌዳ ጠራሁትና ሁለት ሦስተኛንና አንድ አራተኛን እንዲደምር ጠየቅሁት። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ «ሦስት ሰባተኛ» አለኝ። ቤት የሠራለት፣ ጥያቄው ፎቶ ሲነሣ መልሱን ከነአሠራሩ የሚጽፍ መተግበሪያ ነበር። አልተቆጣሁትም፤ መጽሐፉ ገጽ ላይ መልስ ታትሞ ቢያገኝ የማይገለብጥ ልጅ ጥቂት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማንኛውንም ምንጭ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ልጁ ሲጠቀምበት እርሳሱ በማን እጅ ነው?

በዚህ መመዘኛ ለሒሳብ በመጀመሪያ የማነሣው ካን አካዳሚ የተባለውን የትምህርት ድረ ገጽ ነው። ክፍያ አይጠይቅም፣ ማስታወቂያም የለበትም። ሰዎች የሚያወሩት ስለ ቪዲዮዎቹ ነው፤ እኔ ግን የምወደው ልምምዶቹን ነው። ልጁ ራሱ ሠርቶ መልሱን ያስገባል፤ ሲሳሳት ወዲያው ይነገረዋል፤ ፍንጭ ከፈለገም ደረጃ በደረጃ ያገኛል። አጀማመሩም ለእኛ እንግዳ አይደለም። መሥራቹ ሳልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2004 በሌላ ከተማ የምትኖር የአጎቱን ልጅ በስልክና በኮምፒውተር ሒሳብ ያስጠና ነበር፤ ድርጅቱን በ2008 ያቋቋመው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ አጎት ወይም አክስት ያላችሁ፣ የእሑዱ የቪዲዮ ጥሪ ከሰላምታና ከናፍቆት የተረፈውን ሃያ ደቂቃ ለክፍልፋይ ቢሰጥ ምን ይመስላችኋል?

አንድ ችግር ግን አለ፤ እሱም ቋንቋ ነው። ልጆቻችሁ ሒሳብን በአማርኛ ነው የሚማሩት፤ ከበይነ መረብ የሚያገኙት ደግሞ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ታህትና ላዕል፣ ስለ ተካፋይና አካፋይ፣ ስለ ድርሻና ቀሪ በክፍል የነገርኩትን ልጅ፣ ቪዲዮው ሌላ ነገር የሚያስተምረው ይመስለዋል። ሐሳቡን እያወቀ በቃሉ ይሸነፋል። ስለዚህ ቪዲዮውን ከማሳየታችሁ በፊት የተማሪውን መጽሐፍ ምዕራፉ ላይ ግለጡት፤ መጽሐፉ ከሌላችሁ በስልክ የሚነበበውን የፒዲኤፍ ቅጂ እኔ እሰጣችኋለሁ። ከዚያ አብራችሁ አምስት ደቂቃ ተመልከቱና አቁሙት፤ ልጁም የሰማውን በመጽሐፉ ቃላት በአማርኛ መልሶ ይንገራችሁ። መናገር ካቃተው ቪዲዮውን መድገም አይጠቅምም፤ ወደ መጽሐፉ ምሳሌ ተመለሱ። እንግሊዝኛ አለመቻላችሁ እንዳያሳፍራችሁ፤ በዚህ አሠራር አስረጂው ልጁ ነው፣ እናንተ ሰሚ ናችሁ።

ለሳይንስ የምመክረው ፌት (PhET) የተባለውን ድረ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ሲሆን፣ ልጁ በጣቱ እየነካ የሚሞክራቸው ሥዕላዊ ሙከራዎች አሉት። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል አገናኝቶ መብራት ያበራል፤ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ያለ አምፖል በሽቦ ብቻ ካገናኘ ደግሞ ባትሪው እሳት ሲይዝ ያያል። ይህንን በቤታችሁ ሶኬት ላይ ከሚሞክረው በስክሪን ላይ ቢሞክረው እንደምትመርጡ አልጠራጠርም። ክፍልፋይን በቁርጥራጭ የሚያስገነባም አለው፤ ለዚያ ሦስት ሰባተኛ ላለኝ ልጅ መፍትሔ የሆነውም እሱ ነው። አንድ ጊዜ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ለንባብ ደግሞ በአማርኛ የተጻፉ ሥዕላዊ ታሪኮችን በነጻ የሚያቀርቡ ስቶሪዊቨርና ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ አሉ። ታናናሾቹ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለችውን የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ያውቋታል። ልጁ ታሪኩን ድምፁን አውጥቶ ያንብብላችሁ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል በቃሉ መዝለቅ ማንበብ አይደለም። ኮምፒውተር ላላችሁ ስክራች የተባለው የፕሮግራም መማሪያ ገጽታውን በአማርኛ ማድረግ እንደሚቻል ብቻ ጠቁሜ አልፋለሁ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ስልኩ በእናንተ እጅ ሆኖ «በዚህ ምዕራፍ አምስት የመለማመጃ ጥያቄ አውጣልኝ» ብትሉት አልቃወምም፤ መልሱን ግን ሳታጣሩ አትመኑት፤ በሒሳብም በአማርኛም ሲሳሳት አይቻለሁ። ለልጁ ሰጥታችሁት ወጥ ቤት ከገባችሁ ግን እርሳሱ ከእጁ ወጣ ማለት ነው።

የዳታ ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሦስት ልጅና አንድ ስልክ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ለዚህም ለኅብረቱ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ የካን አካዳሚንና የሌሎችን ትምህርቶች አንድ ኮምፒውተር ላይ አንድ ጊዜ ጭኖ፣ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ብቻ ግቢው ውስጥ ላሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ያዳርሳል። መጋዘን ከገቡት አሮጌ ኮምፒውተሮቻችን አንዱ ከተጠገነና የዋይፋይ መሣሪያ ከተገዛ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እኔ ከልጆቹ ጋር እቀመጣለሁ። ውሳኔው የኅብረቱ ነው።

ለዛሬ ግን የኮምፒውተር ክፍሉን አስከፍቻለሁ። የፌትን ሙከራዎችና መጽሐፎቹን ለምትፈልጉ በፍላሽ ወይም በቀጥታ በስልካችሁ እገለብጥላችኋለሁ። ስልካችሁ የሞላ ከሆነ፣ ሻይ እስኪፈላ ድረስ የማትፈልጉትን ቪዲዮ እያጠፋችሁ ቆዩኝ።