ሲያስቀምጠው የዋለ ልጅ

የተከበራችሁ የደሴና የአካባቢዋ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ልጅ ሲያስቀምጠው ሱቅ ተዘግቶ፣ ከሥራ ተቀርቶ ቤት ይዋላል። የዚያን ቀን ዋናው ሥራ ተቅማጡን ማስቆም አይደለም። እሱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይተዋል። ሕፃን የሚገድለው ከሰውነቱ የወጣው ውሃና ጨው ሳይተካ ሲቀር ነው።

ብዙዎቻችን ለምለም የምንለውን ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ታውቁታላችሁ። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ልክ እዩ፤ በብዛት የሚታደለው ለአንድ ሊትር ነው። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ እጥፍ ሆኖ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። እየቆነጠሩ በብርጭቆ በብርጭቆ መበጥበጥም ልኩን ያፋልሳል። ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ሙሉውን ፓኬት ገልብጡ፣ እስኪሟሟ አማስሉና ክደኑት። ስኳር አይጨመርበትም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ፤ ጀርም ያፈራል።

አሁን ወደ ማጠጣቱ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በግምት አንድ የቡና ሲኒ። ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነ ከ100 እስከ 200። ጠምቶታልና ብርጭቆውን ሙሉ ሊጨልጥ ይፈልጋል፤ በአንዴ ከጠጣ ግን ያስመልሰዋል። በሻይ ማንኪያ፣ በየአንድ ወይም ሁለት ደቂቃው አንድ አንድ ስጡት። ሲኒዋን ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ትቀመጣላችሁ፤ የቀኑ ድካም ይሄ ነው፣ አባትም ይተካ። ቢያስመልሰው አብሽሩ! 10 ደቂቃ ጠብቁና ቀስ ብላችሁ እንደገና ጀምሩ።

ጡት አይቋረጥ፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ስድስት ወር ያለፈው ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ሙዙን በትንሽ በትንሹ ይብላ። "ሆዱ ይረፍ" ተብሎ መከልከል ልጅን ያቀጥናል።

ዚንክ ከጤና ጣቢያ ስትቀበሉ፣ ስድስት ወር ለሞላው በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ፍሬ፣ ከዚያ በታች ላለው ግማሽ፣ በማንኪያ በታለበ ጡት ወይም በንጹሕ ውሃ አሟሙታችሁ ለ10 ቀን ትሰጣላችሁ። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አታቋርጡ፤ የተጎዳው አንጀት ገና እያገገመ ነው።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን። "ግግ ነው" ተብሎ የልጅ ድድ አይነካ፣ እንጥልም አይቆረጥ። ተቅማጡ ከዚያ አይመጣም፤ ደም መፍሰስና መመረዝ ግን ከዚያ ይመጣል።

ቤት መቆየት የማይቻልበት ጊዜም አለ። መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም አልነቃ ካለ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሰገራው ደም ካለው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ተነሱ። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰም እንደዚሁ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ከሆነ ምልክት አትጠብቁ። በመንገድ ላይም ኦአርኤሱን በማንኪያ አታቋርጡ። ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ ወይም ከከሚሴ የመጣችሁ ደግሞ ትኩሳት ካለው ወባ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር።

ጠረጴዛው ላይ ፓኬት፣ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድና ሲኒ አስቀምጠናል። ቀረብ በሉና እናንተው በጥብጡ፤ ልኩን አብረን እናያለን።