የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በሂንዱ እምነት ነፍስን ከሞት በኋላ የሚመራት ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሂንዱዎች የነፍስን ቀጣይ ዕጣ የሚወስነው ሥራ ነው ይላሉ። ምኞትስ ምን ድርሻ አለው?

መልስ፦ የሥራው ሥር ምኞት ነው። ከጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ ጠቢቡ ያጅናቫልክያ ለቪዴሃው ንጉሥ ለጃናካ እንዲህ ያስረዳዋል፦ ሰው እንደ ምኞቱ ያስባል፣ እንዳሰበው ይሠራል፣ የሠራውንም ይሆናል። ነፍስ ሣር ላይ እንደምትሄድ አባጨጓሬ ናት፤ ቀጣዩን ቅጠል ሳትይዝ የቀድሞውን አትለቅም። ምኞቱ የከሰመለት ሰው ግን ወደ ሌላ ሥጋ የሚጎትተው የለም፤ የሁሉ ነገር መሠረት ከሆነው ከብራህማን ጋር አንድ ይሆናል። ሞክሻ፣ ማለትም ከመወለድና ከመሞት ዑደት ነጻ መውጣት፣ የሚሉት ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ዕድሜውን በክፋት የጨረሰ ሰው ሊሞት ሲል የአምላኩን ስም ቢጠራ ይበቃዋል?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እህቴ። በሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ በባጋቫድ ጊታ ምዕራፍ 8 አምላክ ክሪሽና ለጦረኛው ለአርጁና፣ ሰው ሥጋውን ሲለይ የሚያስበውን ያንኑ ይሆናል ይለዋል። ይህን ብቻ የሰማ የመጨረሻዋን ደቂቃ ይጠብቃል። ቁጥር 6 ግን ሰውየው ዘወትር በዚያ ነገር ሲመሰጥ እንደኖረ ይጨምራል፤ ቁጥር 7 ደግሞ «ስለዚህ ሁልጊዜ አስበኝ፣ ተዋጋም» ይላል። በጣር ሰዓት አእምሮ የሚሄደው ወደ ለመደው ነው። እርግጥ ባጋቫታ ፑራና በተባለው ሌላ ቅዱስ መጽሐፍ አጃሚላ የተባለ ኃጢአተኛ አለ። ሊሞት ሲል ልጁን «ናራያና!» ብሎ ተጣራ፤ ስሙ የአምላኩ የቪሽኑም ስም ነበርና ዳነ። ሆኖም እሱም ቢሆን ወዲያው አልሞተም፤ ወደ ጋንጅስ ወንዝ ወርዶ፣ በተመስጦ ጸንቶ ነው ያረፈው።

ጥያቄ፦ ሰው ሊሞት ሲል የሚያስበው ክፋት ሳይሆን ፍቅር ቢሆንስ?

መልስ፦ ለዚህ የሚነገረው የንጉሥ ባራታ ታሪክ ነው፤ እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ዙፋኑን ትቶ ለተመስጦ ጫካ ገባ። አንድ ቀን ነፍሰ ጡር አጋዘን የአንበሳ ግሳት አስደንብሯት ወንዝ ስትዘል ግልገሏን ጥላ ሞተች። አዝኖ አሳደገው። ቀስ በቀስ ግን ጸሎቱ ቀረ፤ ግልገሉ ከዘገየ እንቅልፍ አጣ። ዓይኑ እሱን እያየ ሞተ፣ አጋዘን ሆኖም ተወለደ። ርኅራኄው ኃጢአት ሆኖበት አይደለም፤ ልቡ ሌላ ማሰብ እስኪያቅተው ድረስ በግልገሉ ስለታሰረ ነው። የቀድሞ ተመስጦውም ከንቱ አልቀረም። አጋዘን ሆኖም ማን እንደነበረ ያስታውስ ነበርና መንጋውን ትቶ ወደ መናንያን መንደር ሄደ። በሚቀጥለው ልደቱ ብራህሚን፣ ማለትም ከካህናት ወገን፣ ሆነ፤ ዳግም በሰው ፍቅር እንዳይጠመድ ደንቆሮ መስሎ ኖሮ ነጻ ወጣ።